«ቤትሽ ቆዪ፣ እንጠራሻለን»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ኮምቦልቻ ልብስ ፋብሪካ አራት ዓመት ሠርተሽ፣ ትዕዛዝ ቀንሷል ተብለሽ፣ «ቤትሽ ቆዪ፣ እንጠራሻለን» ካሉሽ በኋላ የሥራ አጥ ድጎማ የት እንደሚመዘገብና ምን ሰነድ እንደሚፈለግ ነው የጠየቅሽው። ይህን የነገረሽ ውጭ አገር ያለ ዘመድ መሆን አለበት። ለእኔም ጀርመን ያለው ወንድሜ እንዲሁ ብሎኝ አንድ ሳምንት ሙሉ ቀበሌ ስመላለስ ከርሜአለሁ። እኛ አገር ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፈል የመንግሥት ገንዘብ የለም። የከተማ ሴፍቲኔትም ለድኻ ቤተሰብ የታሰበ እንጂ ከፋብሪካ ለተሰናበተ ሠራተኛ አይደለም። የአንቺ ገንዘብ ያለው ቀጣሪሽ እጅ ነው፤ የሥራ ስንብት ክፍያ ይባላል። ይህን የሚደነግገውም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው።

በተራ ልንገርሽ።

1. የስንብት ደብዳቤ በጽሑፍ ጠይቂ። ዛሬውኑ። እኔ በዚህ ነው የተቃጠልሁት። ስድስት ዓመት ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም። በጥር 2015 ዓ.ም. የስም ዝርዝር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈና የሰው ሀብት ኃላፊው «አብሽሩ፣ ለፋሲካ ሥራ ይመለሳል» አለን። ሰውየው ሲናገር ማር ነው። አመንሁት። ፋሲካ አለፈ፣ ዒድም አለፈ፣ የጠራኝ የለም። ግንቦት ላይ በሩ ድረስ ሄጄ ብጠይቅ ማኅደሬ ውስጥ ምን ተጽፎ ቢገኝ ጥሩ ነው? «ሥራዋን ጥላ የጠፋች»። የተባረርሁት ሴት፣ ጥዬ የሄድሁ ሆኜ ቁጭ አልሁ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ቀኑ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ መክሰስ የሚቻለው ውሉ በተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ ነው። እኔ አራት ወር አሳልፌ ነበር። አብራኝ ዝርዝሩ ላይ የነበረች ልጅ በሁለተኛው ወር ከስሳ ወደ ማሽኗ ተመልሳለች፤ ዛሬም ስናገኛት «አንቺ ሰው አማኝ» ትለኛለች። ትክክሏን ነው። ለእኔ የቀረኝ የገንዘቡ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ እሱም ስድስት ወር ነው ያለው፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ያበቃ ነበር። ቀኑ የሚቆጠረው ተስፋ ከቆረጥሽበት ዕለት ጀምሮ እንዳይመስልሽ።

ደብዳቤውን አንሰጥም ካሉሽ፣ «በዚህ ቀን ከሥራ አግዳችሁኛል፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ» ብለሽ ጻፊና መዝገብ ቤታቸው ቅጂው ላይ እንዲፈርም ጠይቂ። የእኔን አልቀበልም አሉ። ፖስታ ቤት ሄጄ በሪኮማንዴ፣ ማለት በተመዘገበ ደብዳቤ፣ ላክሁት፤ ደረሰኟን እስከ ዛሬ አስቀምጫታለሁ።

2. ሰነድ። የሥራ ውል ካለሽ መልካም፤ የእኔን ግን «ለማደስ» ብለው ወስደው አልመለሱልኝም ነበር። ያዳነኝ ባንክ ነው፤ ደመወዜ የገባበትን ሒሳብ መግለጫ ከማኅተም ጋር አስወጣሁ። በየወሩ የድርጅቱ ስም ተጽፎበታል፣ ማን ሊክደው? መታወቂያ ባጁንም ከማስረከብሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ከደመወዝሽ 7 በመቶ ለጡረታ ሲቆረጥ እንደነበር አስታውሺ፤ ድርጅቱም 11 በመቶ መጨመር አለበት። የጡረታ መለያ ቁጥርሽን ይዘሽ በትክክል ገቢ መደረጉን አጣሪ።

ምስክር ላይ ግን አትመኪ። ሥራ ላይ ያሉት ይፈራሉ፤ የተሰናበቱትን ደግሞ የድርጅቱ ጠበቃ «የራሳቸው ጥቅም ያላቸው ናቸው» ይላቸዋል። እኔን ያወጣችኝ አንዲት ፎቶ ናት። ዝርዝሩ በተለጠፈ ዕለት አንዲት የስፌት ልጅ ለእናቷ ልታሳይ በስልኳ አንስታው ኖሮ፣ ስሜ በስድስተኛው መስመር ላይ ከነማኅተሙ ይታያል። ለካ ክሱ ሁሉ እዚያች ፎቶ ላይ ነበር!

3. የሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው የመንግሥት ቢሮ ስትሄጂ... ስለዚህኛው ብዙ ባልናገር ይሻላል። ማመልከቻዬን የተቀበለችኝ ሴት፣ ቀና ብላ ሳታየኝ «ፎቶ ኮፒ አንድ ነው፣ ሁለት አምጪ» አለችኝ። ሁለት አመጣሁ። «ኃላፊው ስብሰባ ነው»። በሦስተኛው ቀን «እናንተ ልጆች ደግሞ ሥራ ሲጠፋ ሁሉ መንግሥት ላይ ትመጣላችሁ» አለችኝ። ከመንግሥት አንድ ብር የጠየቅሁ ይመስል! ወጥቼ በቀጥታ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄድሁና ለፍርድ ቤት ክስ አስጻፍሁ። የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ የለውም፤ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር፣ ገንዘብ ተበድሬ ነው የሄድሁት። ጠበቃ መያዝ ካልቻልሽ ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቱን ነጻ የሕግ ድጋፍ ጠይቂ።

ሒሳቡን ራስሽ አውቀሽ ግቢ፤ አለበለዚያ የሰጡሽን ትወስጃለሽ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል። በሠራተኛ ቅነሳ ወይም በድርጅቱ መዘጋት ከሆነ የ60 ቀን ተጨማሪ አለ። ለቅነሳ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሊሰጡሽ ሲገባ ካልሰጡ ያም ይከፈላል። የእኔ ደመወዝ 3,600 ብር ነበር፤ ስንብቱ 9,600፣ የ60 ቀኑ 7,200፣ ማስጠንቀቂያው 7,200፣ ድምሩ 24,000 ብር። ያልወሰድሁት የዓመት ፈቃድ ሳይቆጠር ነው። የአንቺ አራት ዓመት ከሆነ ደመወዝሽን በስድስት አባዢው።

እነሱ ክሱ ሲደርሳቸው 9,600 ብር በፖስታ አድርገው «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት አቀረቡልኝ። ቤት ኪራይ ሁለት ወር ነበረብኝ። እጄ ወደ እስክሪብቶው ሄዶ ነበር፣ አልዋሽሽም። አልፈረምሁም። ፈርመሽ ከሆነም ተስፋ አትቁረጪ፤ ሠራተኛ በሕግ ያገኘውን መብት በስምምነት ቢተው ውጤት የለውም ይላል አዋጁ።

ፍርድ ቤቱ ፈረደልኝ። ክፍያውን ስላዘገዩም የአንድ ወር ደመወዝ ተጨመረልኝ፤ ሕጉ እስከ ሦስት ወር ይፈቅዳል። ድርጅቱ ይግባኝ አለ። ይግባኝ በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ ቢፈረድብሽም ያቺን ቀን አታሳልፊ። ጉዳዩ ደሴ ሄደና በመንገዱ ላይ ያለውን የሐረጎን ዳገት ስወጣና ስወርድ ከረምሁ፤ ጠዋት ብርድ፣ ቀትር ላይ ኮምቦልቻ ሙቀት፣ በመካከሉ የሚኒባስ ሒሳብ። ፍርዱ ጸና። ከዚያም በኋላ ዝም ብለው አይከፍሉም፤ ፍርዱን ለማስፈጸም ሌላ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል። ገንዘቡ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የከፈልሁት የዚያችን ፎቶ ያነሳች ልጅ የስልክ ካርድ ነው፤ ሃምሳ ብር፣ እየሳቀች ተቀበለችኝ።

አንድ ነገር ግን አልጻፍሽም፤ የመጨረሻ የሥራ ቀንሽ መቼ ነበር? ቀኑን ጻፊልኝ፤ ሦስት ወር ካልሞላሽ የክሱን ጽሑፍ ልላክልሽ፣ ነገ ጠዋት ይዘሽው እንድትሄጂ።