በሰሜን ሸዋ ግቢ ለምታለሙ ወገኖች፦ የቁጥቋጦና የአበባ አመራረጥ

በውጭ አገር የምትኖሩና በሰሜን ሸዋ፣ በወላጆቻችሁ ይዞታም ሆነ በከተማ ቦታ ላይ ቤት የሠራችሁ ወገኖቼ፣ ከቤቱ ቀጥሎ ወደ ግቢው ማማር ፊታችሁን ስታዞሩ አስቀድማችሁ ልብ እንድትሉት የምፈልገው አንድ ጉዳይ አለ። የምትተክሉት ቁጥቋጦና አበባ መመረጥ ያለበት ተክሉ በሚያድርበት ቦታ ከፍታ፣ በሌሊቱ ብርድና ውኃ በሚያጠጣው ሰው አቅም ልክ ነው። በምትኖሩበት ከተማ በጎረቤት ግቢ አይታችሁ የወደዳችሁት አበባ እናት አባታችሁ ደጃፍ ላይ ይበቅላል ብላችሁ አትነሡ። ይህን የምለው አሥራ ስምንት ዓመት ሂውስተን ኖሬ ወደ ደብረ ብርሃን ከተመለስሁ በኋላ በራሴ ኪሳራ ስላየሁት ነው።

በተመለስሁበት ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ ሂውስተን ቤቴ ፊት ለፊት የነበሩትን ዓይነት ሂቢስከስ፣ ቡጋንቪሊያና ፍራንጂፓኒ ከአዲስ አበባ ገዝቼ በመኪና አመጣሁና በአጥሩ ዙሪያ ተከልሁ። ክረምቱን በደህና አለፉ፤ መስከረም ላይ ሂቢስከሱ ሁለት ቀይ አበባ አውጥቶ ነበር። ኅዳር ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ነፋስ የሌለበት አንድ ሌሊት መጣ። ጠዋት ስወጣ በየቅጠሉ ጠርዝ ላይ አመዳይ ተነጥፎ አገኘሁ፤ ፀሐይዋ ወጥታ ስታገኛቸው ቅጠሎቹ እንደ ተቀቀለ ጎመን ለሰለሱና ተንጠለጠሉ፤ በሦስተኛው ቀን እስከ ግንዳቸው ጠቆሩ። በዚያው አጥር ሥር የነበሩት የእናቴ ጽጌረዳ፣ ጤና አዳምና ጌሾ ግን ምንም አልሆኑም። እናቴ ቆማ አየቻቸውና «ልጄ፣ የቆላ ሰው ያለ ጋቢ ደጋ አሳደርኸው እኮ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ካነበብሁትና ከባለሙያ ከሰማሁት ሁሉ ነገሩን በትክክል የገለጸልኝ ይህ ቃሏ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከዚያ ተነሥታችሁ በጣርማ በር ዋሻ አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ይዛችሁ ስትወርዱ ሸዋ ሮቢት የምትገኘው 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። መንገዱ ከመቶ ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ የከፍታው ልዩነት ግን 1,500 ሜትር ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚለወጥ፣ በአንድ ዞን ውስጥ ባሉት በእነዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል 10 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ስለዚህ «ሰሜን ሸዋ ምን ይበቅላል?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልስ መስጠት አልችልም፤ ግቢው ሸዋ ሮቢት ነው፣ አረርቲ ነው፣ ደብረ ብርሃን ነው ወይስ መሐል ሜዳ ብዬ መልሼ መጠየቅ ግድ ይሆንብኛል።

በአሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ በችግኙ ላይ የተለጠፈው «ዞን 9» ወይም «ዞን 10» የሚለው ጽሑፍ እንዳያሳስታችሁ። ያ ቁጥር የሚነግራችሁ በዓመቱ ውስጥ የሚደርሰውን እጅግ ከባድ ብርድ አማካይ ብቻ ነው። ሂውስተንም ውስጥ አንዳንድ ክረምት በረዶ ሂቢስከሱን እስከ መሬት ያቃጥለዋል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ለወራት የሚዘልቅ፣ ሌሊቱም ጭምር የሚሞቅ በጋ ስለሚመጣ ከሥሩ አቆጥቁጦ ይነሣል። የደብረ ብርሃን ደጋ እንዲህ ያለ በጋ የለውም። ቀኑ ፀሐያማ ቢሆንም ሌሊቱ ዓመቱን በሙሉ ቀዝቃዛ ነው፤ በውርጭ የተጎዳ የሐሩር አገር ተክል ለማገገም የሚያስፈልገውን ሙቀት ሳያገኝ የሚቀጥለው ጥቅምት ይደርስበታል።

እንግዲህ ግቢያችሁ ቆላ ከሆነ፣ ማለትም በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በመሰል ቦታዎች ከሆነ፣ ምርጫችሁ ሰፊ ነው፤ እኔም ከወንድሜ ጋር አበባ የምተክለው አሁን ሸዋ ሮቢት ባለው የቤተሰብ ቦታ ነው። ማንጎና ፓፓያ በሚያፈራበት፣ ማሾ በሚዘራበት አፈር ላይ ቡጋንቪሊያን የሚያህል አመስጋኝ ተክል አላገኘሁም። ዓይን የሚስበው ቀዩ፣ ሐምራዊውና ብርቱካንማው ክፍል በእርግጥ ቅጠል ነው፤ አበባው በመካከሉ ያለችው ትንሿ ነጭ ነገር ናት፤ ቀለሙ ለሳምንታት ሳይረግፍ የሚቆየውም በዚህ ምክንያት ነው። ሥር ከያዘ በኋላ አዘውትራችሁ ብታጠጡት አረንጓዴ ቅጠል ብቻ ያበዛል፤ በመጠኑ ሲጠማ ግን ያብባል። ስለዚህ ከቧንቧውና ከልብስ ማጠቢያው አርቃችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚያገኝ አጥር ላይ፣ በተክሎቹ መካከል ከ2 እስከ 3 ሜትር ትታችሁ ትከሉት። እሾሁ ክፉ ነውና ልጆች ከሚሮጡበት መተላለፊያ ይራቅ፤ አንድ ዙር አብቦ ሲያበቃም ይቆረጥ።

ሂቢስከስ ጠባዩ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ውኃና የበሰበሰ ፍግ ይወዳል። እያንዳንዱ አበባ ጠዋት ፈክቶ በማግሥቱ ይጠወልጋል፤ ተክሉ ግን በደንብ ከተያዘ በየቀኑ አዲስ ያወጣል። ነጭ ዱቄት የመሰለ ተባይ በቅጠሉ ሥር ሲሰፍርበት መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት በሳሙና ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡት፤ እኛ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይድናል። ካና የተባለው፣ ቅጠሉ ሙዝ የሚመስለው ከዓመት ዓመት የሚኖር አበባ ደግሞ የእቃ እጣቢ በሚፈስበት እርጥብ ቦታ በደስታ ይኖራል። ያበበውን አገዳ ከሥሩ መቁረጥና በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ሥሩን ቆፍሮ መከፋፈል ብቻ ነው የሚፈልገው፤ የተረፈውን ሥር ለጎረቤት ትሰጣላችሁ።

ፍራንጂፓኒን በተመለከተ ለዘበኛችሁ ወይም ለአትክልተኛችሁ አስቀድማችሁ መንገር ያለባችሁ ነገር አለ። በደረቁ ወራት ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ አራግፎ፣ ጣት የመሰለ ራቁት ቅርንጫፍ ብቻ ሆኖ ይቆማል። አንድ ዘመዴ ከውጭ ሆኖ ያስተከለውን የሦስት ዓመት ፍራንጂፓኒ፣ ጠባቂው የደረቀ መስሎት በመጋቢት ቆርጦ ማገዶ አድርጎታል፤ ሰውየው ጥፋት የለበትም፣ የነገረው አልነበረም። በዚያ የዕረፍት ጊዜው ውኃ ባይጠጣ ይሻለዋል፤ ውኃ የሚያቁር መሬት ላይ ከሆነም ሥሩ ይበሰብሳል።

ፈረንጆች ለገና በትንሽ ማሰሮ የሚሸጡት ፖይንሴቲያ እኛ አገር መሬት ላይ ሲተከል ከሰው ቁመት በላይ የሚሆን ቁጥቋጦ ነው። ይህ ተክል የሚቀላው ሌሊቱ ረዝሞ ጨለማው ሳይቋረጥ ሲቀር ነው። በእኛ ግቢ ሁለት ተክለን ነበር፤ አንዱ ከጓሮ፣ አንዱ ከበሩ መብራት ሥር። በታኅሣሥ የጓሮው እንደ እሳት ሲቀላ፣ የበሩ እንደ አረንጓዴነቱ ከረመ፤ ወንድሜ አምፖሉን ወደ ሌላኛው ምሰሶ ካዛወረው በኋላ በቀጣዩ ዓመት እሱም ቀላ። ከአጥራችሁ ላይ ሌሊቱን የሚበራ የጥበቃ መብራት የምታስገጥሙ ከሆነ ይህን አስቡበት።

ወደ ደጋው ስንመለስ፣ እኔ ቦታው የሰጠኝን ማየት የጀመርሁት ዘግይቼ ነው፤ እናንተ ግን ከመጀመሪያው ብትጀምሩበት ገንዘባችሁም ልፋታችሁም ይተርፋል። ቀጋ የራሳችን ጽጌረዳ ነው፤ ነጭ አበባው ይሸታል፣ ፍሬው ይበላል፣ እሾሁ አጥር ይሆናል። አሜጃ ቢጫ አበባውን ይዞ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ብርድ ጭምር ይቆማል። አንፋር ንብ ይጠራል፤ ብርቱካንማው ራስ ክምር ደግሞ የአበባ ማር የሚቀስሙ ትናንሽ ወፎችን ደጃፋችሁ ያመጣላችኋል። ሬት ለምትወዱ ደግሞ ስሙን ከደብረ ብርሃን ያገኘ፣ አሎ ደብራና የሚባል በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ዝርያ አለ።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኔ የሚበልጥብኝ እንሶስላ ነው። ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበት ሥሩ የታወቀ ቢሆንም፣ አበባውን አስተውሎ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው፤ ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ሐምራዊ፣ ጠረኑም ደስ የሚል ነው። ጥላና እርጥበት ስለሚወድ ከቤቱ ጀርባ፣ ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ በሚደርስበት ቦታ ትከሉት። በክረምት ያድጋል፣ ያብባል፤ በጋው ሲገባ ግንዱ ይደርቅና ሥሩ ከመሬት በታች ይቆያል። ውርጩ ሲመጣ እሱ ከአፈር ሥር ተኝቷል ማለት ነው፤ ለዚህ አገር የተፈጠረ ተክል የሚታወቀውም በዚህ ነው።

ደጋ ላይ ሆናችሁ የቆላውን አበባ ማየት የግድ ካማራችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው የድንጋይ ግድግዳ ሥር አንድ ቡጋንቪሊያ ሞክሩ፤ ግድግዳው የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። ከባድ ብርድ አየር እንደ ውኃ ወደ ዝቅታ ስለሚወርድ ከግቢው እጅግ ዝቅ ያለው ማዕዘን ለውርጭ የተጋለጠ ነው፤ እዚያ ለስላሳ ተክል አታኑሩ። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት የጠሩ ሌሊቶች በጆንያ መሸፈንና ጠዋት መግለጥ ይጠቅማል። አንድ ተክል እንዲህ መንከባከብ ይቻላል፤ ሃያውን ግን ማንም አይችልም።

ይህም ስለ ውኃ እንድናገር ያደርገኛል፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። አዲስ ቁጥቋጦ በመጀመሪያው በጋው በሳምንት ሁለት ጊዜ 20 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ውኃ ቢያገኝ ጥሩ ነው። እናንተ በስልክ «አርባ ችግኝ ይተከል» ብላችሁ ስታዝዙ፣ በሳምንት 80 ጀሪካን ውኃ ማዘዛችሁ ነው። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያን ውኃ የምትሸከመው እናታችሁ ወይም የእኅታችሁ ልጅ ልትሆን ትችላለች። በመጀመሪያው ዓመት ከአሥር ተክል አትለፉ፤ እነሱ ሥር ሰደው ውኃ ሲቀንሱ ሌላ አሥር ጨምሩ። ፍጉንም ቢሆን በነጻ የሚገኝ አድርጋችሁ አትቁጠሩት፤ በደጋው ኩበት ማገዶ ስለሆነ ለአበባ የሚወጣው ከምድጃ የተቀነሰ ነውና ዋጋውን ላኩ፣ ወይም ቅጠልና የወጥ ቤት ትራፊ የሚበሰብስበት ጉድጓድ አስቆፍሩ።

መርዛማ የሆኑትን ሳልጠቅስ ባልፍ ደግሞ ጥፋት ይሆንብኛል። ሙቀትና ድርቅ ስለሚችል በየከተማው የሚተከለው ኦሊያንደር ከሥር እስከ አበባው መርዝ ነው፤ ጭሱ ጭምር ይጎዳል። ፍየል፣ አህያ ወይም ሕፃን ባለበት ግቢ እኔ አልተክለውም። እንደ ጥሩምባ ወደ ታች የሚንጠለጠለው ብሩግማንሲያም የአስተናግር የቅርብ ዘመድ ነው። የወፍ ቆሎን በተመለከተ ፈጽሞ አትትከሉ እላለሁ፤ ከአሜሪካ ሐሩር ምድር የመጣ ሲሆን፣ ወፎች ፍሬውን በልተው በየግጦሹ ይበትኑታል፤ ከብት ሲበላውም ይታመማል። ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭም ከደቡብ አሜሪካ የተነሣና በዓለም ዙሪያ የተዛመተው በአበባው ውበት ምክንያት እንደ ነበር አስታውሱ።

ስለዚህ በሻንጣችሁ ዘርም ሆነ ቅርንጫፍ ይዛችሁ አትምጡ። ተክል ወደ አገር ለማስገባት አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘትና ከላኪው አገር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት መያዝ ያስፈልጋል፤ ተባይና በሽታ ከአፈርና ከሥር ጋር ተደብቆ ይገባልና ሥርዓቱ በከንቱ የወጣ አይደለም። ደግሞም አያስፈልጋችሁም። የቡጋንቪሊያና የሂቢስከስ ቅርንጫፍ በእርሳስ ውፍረት፣ በስንዝር ርዝመት ተቆርጦ በጥላ ሥር እርጥብ አሸዋ ላይ ከተተከለ ሥር ያወጣል፤ የፍራንጂፓኒው ደግሞ ቁስሉ እስኪደርቅ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በጥላ ሥር መቆየት ይኖርበታል። ጉድጓዱን በግንቦት ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር አስቆፍሩና አፈሩ ፀሐይ ይምታው፤ ዝናቡ በደንብ ሲይዝ፣ ደጋ ላይ በሰኔ መጨረሻ፣ ቆላ ላይ በሐምሌ፣ ትከሉ። መረሬ አፈር ባለበት ሜዳ ተክሉን ከመሬቱ ከፍ ባለ መደብ ላይ አድርጉት፤ ያ አፈር በክረምት ውኃ ይይዛል፣ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። ቆላ ላይ ጭድ ወይም ገለባ ስታለብሱ ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ምስጥ ጭዱን ተከትሎ ግንዱ ላይ ይደርሳልና።