በክበብ የሠራሁት ሥራ ምን ይጠቅመኛል?

ደብዳቤውን የጻፈችልኝ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ የምትኖር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የምትማረው በሴቶች ትምህርት ቤት ነው። የቮሊቦል ቡድኑ አምበል ናት። ሚኒ ሚዲያ ላይ ዜና ታነባለች። ለጥምቀት ከቀይ መስቀል ክበብ ጋር ወጥታ አገልግላለች። በከተማ ደረጃ በተካሄደ የሳይንስና ፈጠራ ውድድር ቡድናቸው 2ኛ ወጥቷል። ፋይሏ በሰርተፍኬት ሞልቷል። እናቷ ግን «ይሄ ሁሉ ወረቀት ዩኒቨርሲቲ አያስገባሽም፤ ተይውና አጥኚ» ብለዋታል።

«እውነት ምንም አይጠቅመኝም?» ትለኛለች። «ፋርማሲ ማጥናት እፈልጋለሁ። ስኮላርሺፕ ልሞክር ብል ደግሞ ይሄን ሁሉ እንዴት ነው የምጽፈው? ምን ይመክሩኛል?» መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጨምራለች፦ «የሴቶች ክበብ ውስጥም የሞዴስ ደብተር እይዛለሁ። ማን እንደወሰደ አልጽፍም፤ ስንት እንደገባና ስንት እንደወጣ ብቻ ነው። ሊያልቅ ሲል ለመምህራችን እነግራለሁ።»

እህቴ፣ እናትሽ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ የሚሠራው በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ነው። የቮሊቦል ዋንጫ አይቶ ነጥብ የሚጨምርልሽ የለም። ፈተናው ደግሞ ቀላል አይደለም። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። እናትሽ የሚፈሩት ይሄንን ነው፤ ፍርሃታቸውም ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም።

ሌላው ግማሽ ግን አንቺን ይመለከታል። ስኮላርሺፕ ሰጪዎች ከካርድሽ ሌላ የሚያዩት ነገር አለ። አሜሪካ ላሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሞላው ኮመን አፕ የሚባለው የኦንላይን ማመልከቻ፣ ከክፍል ውጪ ለሠራሻቸው ሥራዎች ብቻ 10 ቦታ አዘጋጅቷል። ለእያንዳንዱ ማብራሪያ የሚፈቀደው ክፍት ቦታውን ጨምሮ 150 የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም አጋር የሆነበት የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርሺፕ ጎበዝ ሆነው የገንዘብ አቅም ያጠራቸውን ይመለምላል፤ ለማኅበረሰባቸው መልሰው የመስጠት ፍላጎት እንዳላቸውም ያያል። ሥራ ፍለጋ ስትወጪም እንዲሁ ነው። ማስታወቂያው «የሥራ ልምድ 0 ዓመት» ሲል ካንቺ ጋር የተመረቁት ሁሉ እኩል ወረቀት ይዘው ይሰለፋሉ። ያኔ ጠያቂው «እስቲ ራስሽ የሠራሽውን ንገሪኝ» ይልሻል።

አሁን ወደዚያች ደብተር ልምጣ። እኔ ከደብዳቤሽ ሁሉ የያዘችኝ እሷ ናት፤ አንቺ ግን ሰርተፍኬት ስላልተሰጠባት መጨረሻ ላይ ጣል አደረግሻት።

ያደረግሽውን እይው። የልጆቹን ስም ላለመጻፍ መርጠሻል፤ ስም ቢጻፍ ኖሮ አፍራ ሳትወስድ የምትቀር ልጅ ትኖር ነበር። የወጣውን ከገባው ቀንሰሽ ቀሪውን ታውቂያለሽ። ከማለቁ በፊት ለሚመለከተው ሰው ትናገሪያለሽ። በየጤና ተቋሙ የመድኃኒት መጋዘን ይሄንኑ ሥራ የሚሠራ ቢን ካርድ የሚባል ካርድ አለ። የገባ፣ የወጣ፣ ቀሪ፣ ቀን። ፋርማሲ ከተማርሽ በኋላ የምታገኚው ሥራ አንዱ ትልቅ ክፍል ይሄ ነው፤ መድኃኒቱ ሳያልቅ ማዘዝ፣ ቀኑ ሳያልፍበት ማውጣት፣ የታማሚውን ምስጢር መጠበቅ። እዚያው ከተማሽ ያለው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1947 ዓ.ም. ሲጀመር የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ነበር። አንድ የፋርማሲ መምህር ያቺን ደብተር ቢያገላብጣት ምን እንደሠራሽ ወዲያው ይገባዋል።

እንግዲህ አጻጻፉ። «የሴቶች ክበብ ንቁ ተሳታፊ ነኝ» ብለሽ ከጻፍሽ ምንም አልጻፍሽም፤ ሁሉም የሚጽፈው ይሄንኑ ነው። እንዲህ በዪው፦ «የክበቡን የንጽሕና መጠበቂያ መዝገብ እይዛለሁ። በየሳምንቱ ገቢና ወጪውን እቆጥራለሁ። የተጠቃሚ ስም አልመዘግብም። ክምችቱ ሲቀንስ ለክበቡ ተጠሪ መምህር አሳውቃለሁ።» ከዚያ ከደብተሩ ደምረሽ በአንድ ሴሚስተር ስንት እንደወጣ ቁጥሩን ጨምሪ። በግምት ቁጥር እንዳትጽፊ፤ ደብተሩ እያለ መገመት ምን ያደርግልሻል? መዝገቡን የጀመርሽው አንቺ ከሆንሽ «ጀመርሁ» በዪ። ከሌላ የተረከብሽው ከሆነ «እይዛለሁ» ይበቃል። ቃለ መጠይቅ ላይ ሁለተኛው ጥያቄ «እንዴት ጀመርሽው?» ነውና የተጋነነ ነገር እዚያው ይፈርሳል።

ሌሎቹንም በዚሁ ዓይን እያቸው። ጥምቀት ላይ «አገለገልሁ» ብለሻል። ምን አድርገሽ? ውኃ አደልሽ? የደከመውን ደግፈሽ ወደ ድንኳን ወሰድሽ? የጠፋ ሕፃን ይዘሽ ወላጁን ፈለግሽ? በፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ዙሪያ ያን ቀን ያለውን የሕዝብ ብዛት እናውቀዋለን። ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. በዓሉን በማይዳሰስ ቅርስነት ስለመዘገበው፣ ጎንደርን ያላየ አንባቢም «ጥምቀት» ስትዪው ፈልጎ ያገኘዋል። አንቺ የቆምሽበትን ቦታና የሠራሽውን ብቻ ንገሪው። የሳይንስ ውድድሩ ላይ «2ኛ ወጣን» ከምትዪ ከሥራው ያንቺ ድርሻ የቱ እንደነበር ጻፊ። ሚኒ ሚዲያ ላይ ደግሞ ዜናውን ራስሽ ካጠናቀርሽው ተናገሪ፤ የተጻፈልሽን ማንበብ ብቻ ከሆነ አንድ መስመር ይበቃዋል።

ቀጥሎ ማስረጃ። ከሰርተፍኬቶችሽ አብዛኞቹ «ላደረግሽው ተሳትፎ እናመሰግናለን» የሚሉ ይመስለኛል። ክፉ አይደሉም፤ ግን ምን እንደሠራሽ አይናገሩም። ስለዚህ የክበቡን ተጠሪ መምህር ዛሬ ነገ ሳትዪ ደብዳቤ ጠይቂያቸው። መምህራን ይዘዋወራሉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ብትመጪ የሚያውቅሽ ላታገኚ ትችያለሽ። ደብዳቤው ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራሽ፣ ኃላፊነትሽ ምን እንደነበር ይግለጽ። በትምህርት ቤቱ አርማ ይውጣ፣ ርዕሰ መምህሩ ይፈርሙበት፣ ማኅተም ይኑረው። ከተቻለ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አስጽፊው። ረቂቁን አንቺ አዘጋጅተሽ ብትወስጂላቸው መምህሯም ደስ ይላቸዋል፤ ሥራ ይቀልላቸዋል። የደብተሩንም ጥቂት ገጾች በስልክ ፎቶ አንሥተሽ ኢሜይልሽ ላይ አስቀምጪ።

አሁን ወደ ጊዜሽ። በሚመጣው ዓመት 12ኛ ክፍል ነሽ፤ አምስቱንም ይዘሽ አትዘልቂም። እኔን ብትጠይቂኝ ሚኒ ሚዲያውን ለሌላ ልጅ ልቀቂ። የሳይንስ ውድድሩም ይብቃ። ቀይ መስቀሉ በዓመት አንድ ጊዜ ለጥምቀት ከሆነ አይጎዳሽም። ደብተሩን ግን ዝም ብለሽ አትጣዪው። ከ9ኛ ክፍል አንዲት ረጋ ያለች ልጅ ምረጪ፤ ዓመቱ ሳያልቅ አጠገብሽ አስቀምጠሽ አስተምሪያት። ለምን ስም እንደማይጻፍ አስረጃት። በወር አንዴ ቆጠራዋን እዪላት። ማመልከቻሽ ላይ «ተተኪ አሠለጠንሁ» ብለሽ መጻፍ የምትችዪው ያኔ ነው፤ ከኔ ልምድ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ አመልካች ጥቂት ነው።

ለእናትሽ ይሄን ደብዳቤ አንብቢላቸው። የትኞቹን እንደተውሽና ያገኘሽው ሰዓት ለየትኛው ትምህርት እንደሚውል በወረቀት ጽፈሽ አሳያቸው። ፊዚክስና ሒሳብ ከከበደሽ ያ ሰዓት ለእነሱ ይሁን። ቮሊቦሉን ግን ሙሉ በሙሉ አትተዪ። አምበልነቱን ብታስረክቢም በሳምንት አንድ ቀን ተጫወቺ፤ ቀኑን ሙሉ ደብተር ላይ ለተደፋ ሰው ሰውነቱን ማንቀሳቀሱ ያስፈልገዋል። ይሄንንም ለእናትሽ ንገሪያቸው፤ እኔ እንዳልሁም በያቸው።