ኢንተርኔት ቀየርኩ፣ ስልኩ ጠፋ፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሹ ስለ አንድ ነገር ነው። ቤት ውስጥ የስልክ ኔትወርክ አልይዝ ብሎ ሲግናል የሚያጎላ ቡስተር አስገብታችሁ በሰላም ስትኖሩ ቆይታችሁ ኢንተርኔቱን ወደ ፋይበር ስትቀይሩ ጉድ ፈላ። የምትበዙት አሜሪካ ያላችሁት ስለሆናችሁ በዛው ልሂድ።

አንድ ወንድማችን ከሲልቨር ስፕሪንግ ፋይበር ከገባለት ጀምሮ ቡስተሩ ቀይ መብራት ብቻ እንደሚያበራ፣ ኢንተርኔቱ ግን እንደሚበር፣ ቲቪውም እንደሚሰራ ጽፎ «ልጣለው ወይ?» ይላል። ደብዳቤው ሶስት ገጽ ነው፣ ሁለቱ ገጽ የኢንተርኔት ድርጅቱን መርገም ስለሆነ ዘልዬዋለሁ።

አትጣለው። ሰው ሁለት የተለያዩ እቃዎችን ቡስተር እያለ ነው የሚጠራው፣ መጀመሪያ እሱን እንለይ። አንደኛው ጣራ ላይ አንቴና ተተክሎለት የውጭውን ሲግናል አጉልቶ ወደ ቤት የሚያስገባው ነው፣ እሱ ኢንተርኔት ብትቀይር ባትቀይር ጉዳዩ አይደለም። ያንተ በኬብል ራውተር ላይ የሚሰካው ነው፣ ቤትህ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽዬ የስልክ ማማ በለው። ስልክህ ከሱ ጋር ያወራል፣ እሱ ደግሞ በኢንተርኔትህ በኩል አይፒሴክ በሚባል የተቆለፈ መስመር ስልክ ድርጅቱ ጋ ይደርሳል። ይሄ መስመር ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ዩዲፒ ፖርት 500 እና 4500 በሚባሉ የራውተሩ በሮች ስለሆነ አዲሱ ራውተር እነሱን ከዘጋ ቲቪህ እየሰራ ቡስተርህ ቀይ ያበራል።

ግን ፖርት ከመነካካትህ በፊት እስቲ ወደ እቃው ሂድና እየው። ፋይበሩን ያስገባው ቴክኒሻን ሳጥኑን የት ነው የሰቀለልህ? ቤዝመንት አይደል? አንተም ኬብሉ እንዲደርስ ብለህ ቡስተሩን አብረህ አወረድከው። እንግዲህ ብዙዎቹ እነዚህ እቃዎች ያሉበትን ቦታና ሰአቱን በጂፒኤስ ካላወቁ ስራ አይጀምሩም፣ ጂፒኤስ ደግሞ ሰማይ ይፈልጋል፣ ከቤዝመንት ሆኖ ሳተላይት አይታይም። ረጅም የኢተርኔት ኬብል ግዛና መስኮት ጋ መልሰው። ያም ካልሆነ የድሮ ራውተርህን በአዲሱ ላይ ደርበኸው እንደሆነ እይ፣ ራውተር በራውተር ላይ ሲደረብ መንገዱ ይምታታበታል፣ ቡስተሩን በቀጥታ የፋይበር ድርጅቱ ሳጥን ላይ ሰክተህ ሞክረው። መጀመሪያ ራውተሩን አጥፍተህ አብራ፣ ኢንተርኔቱ ሲመለስ ቡስተሩን። ከዛ ተወው፣ በየአስር ደቂቃው እየነቀልክ አትሰካ፣ አንዳንዱ ለመነሳት ከአንድ ሰአት በላይ ይፈጅበታል። ይሄን ሁሉ አድርገህ ቀይ ከሆነ ያኔ ስልክ ድርጅቱ ጋ ደውል፣ ኢንተርኔት ድርጅቱ ጋ አይደለም፣ እነሱ «የኛ መስመር ደህና ነው» ብለው ይዘጉብሃል፣ ደህናም ነው።

ከዳላስ ደግሞ ያገለገለ የ3ጂ ቡስተር በ40 ዶላር ገዝቶ «ምንም አልሰራ አለኝ» የሚል አለ። ሬሳ ነው የገዛኸው ወንድሜ። ኤቲ ኤንድ ቲ 3ጂውን በየካቲት 2022 ዘጋ፣ ቲ-ሞባይልም በዛው አመት፣ ቬራይዘን በአመቱ መጨረሻ። ሻጩን ፈልገው።

«ቡስተር ባስገባ የቴሌግራም ጥሪዬ ድምፁ ጥርት ይላል?» አይልም፣ እሱ በዋይፋይሽ ነው የሚሄደው።

ከአሌክሳንድሪያ ባለ አንቴናውን ራሱ የተከለ ሰው ስልኩ ላይ የኔትወርኩ ዘንጎች አራት ይሆኑና ወዲያው ዜሮ እንደሚሆኑ ይናገራል። ሰርግ ቤት ማይኩ ስፒከር ጋ ሲጠጋ ጆሮ የሚበሳው ጩኸት አለ አይደል፣ እሱ ነው። የውስጡ አንቴና የሚረጨውን የውጩ መልሶ ይሰማውና ማሽኑ ራሱን ያፍናል። አራርቃቸው፣ አንዱን ካንዱ በላይ አድርግ፣ ጀርባ ለጀርባ አዙራቸው። የአሜሪካው የኮሙዩኒኬሽን ተቆጣጣሪ ኤፍሲሲ በ2013 ባወጣው ደንብ መሰረት እቃው የተፈቀደ አይነት መሆን አለበት፣ ስልክ ድርጅትህም ጋ ታስመዘግበዋለህ። አንድ ነገር ግን ያልወደድኩት፣ መጨረሻ ላይ «ግራውንድ አላደረግኩትም፣ ከመሬት ጋር አላገናኘሁትም፣ ችግር አለው?» ብለህ እንደዋዛ ጣል ያደረግካት ነገር። አለው እንጂ! ጣራ ላይ ብረት ተክለህ ገመዱን ሳሎን አስገብተህ መብረቅ ቢመጣ በየት ሊሄድ ነው? ይሄን ከኔም ከዩቲዩብም አትማር፣ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ጥራ፣ እሱ እስኪመጣ ገመዱን ከቤት አውጣው፣ ማዕበል ሲመጣ ደግሞ ጣራ ላይ እንዳትወጣ።

ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ጨረሩስ ላልሽው፣ ራውተር ላይ የሚሰካው ከሆነ ጉልበቱ ከዋይፋይሽ ብዙ አይለይም። ካሳሰበሽ ሐኪምሽን ጠይቂ፣ አልጋሽ አጠገብም አታድርጊው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከሲያትል የጻፈች እህት ናት። እናቷ ከሀገር ቤት መጥተው ቤዝመንት ነው የሚኖሩት፣ እሷና ባሏ ቀን ስራ ናቸው፣ እታች ኔትወርክ ድርሽ አይልም፣ ፋይበር ሊገባላቸው ነውና «ቡስተር ላምጣ ወይስ ዋይፋይ ኮሊንግ፣ ማለትም በዋይፋይ በኩል መደወሉ፣ ይበቃል?» ትላለች።

ለመደወል ብቻ ከሆነ ዋይፋይ ኮሊንግ ይበቃል፣ ስልኩ ውስጥ አለ፣ ማብራት ነው። ያልጠየቅሽኝን ግን ልንገርሽ። እኛ ከአፓርትመንት ወጥተን አሁን ያለንበት ቤት ስንገባ ቡስተሩን ነቅዬ አመጣሁት፣ ሰካሁት፣ አረንጓዴ በራ፣ በቃ ብዬ ተውኩት። ሁለት አመት ቆይቶ ኢንተርኔት ስንቀይር እምቢ ሲለኝ ስልክ ድርጅቱ ጋ ደወልኩ፣ ልጅቷ «አድራሻህን ላረጋግጥ» ብላ ስታነብልኝ የድሮውን አፓርትመንት፣ የበሩን ቁጥር ሳይቀር። እማዬ ጀበናዋን እያወረደች «ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለችኝ። እሷ ብቻዋን በዋለችበት ቀን ወድቃ 911 ብትደውል ኖሮ አምቡላንሱ ሄዶ የማያውቁንን ሰዎች በር ሊያንኳኳ ይችል ነበር።

ዋይፋይ ኮሊንግም ያው ነው፣ 911 ስትደውዪ የሚያዩት አንቺ ያስመዘገብሽውን አድራሻ ሊሆን ይችላል። የእናትሽን ስልክ ዛሬ ማታ ውሰጂና ሴቲንግ ውስጥ ዋይፋይ ኮሊንግ የሚለውን ክፈቺ፣ የድንገተኛ አደጋ አድራሻ የሚለውን አንብቢ፣ ያንቺ ስልክ መስተካከሉ የሳቸውን አያስተካክልም። እየሰራ እንደሆነ ልይ ብለሽ ግን 911 አትደውዪ። ሌላው መብራት ነው። የድሮው የመዳብ መስመር ስልክ መብራት ቢጠፋም ይሰራ ነበር፣ የፋይበሩ ሳጥን ግን ከግድግዳ ሶኬት ነው የሚበላው፣ መብራት ሲሄድ ኢንተርኔቱም ቡስተሩም ዋይፋይ ኮሊንጉም አብረው ይሄዳሉ። ለሳጥኑና ለራውተሩ የምትሆን ትንሽ የባትሪ መጠባበቂያ ግዢ፣ ለእናትሽም መብራት ከጠፋ ስልኩን ይዘው ወደ ላይ እንዲወጡ ንገሪያቸው። እንግሊዝኛ ካስቸገራቸው «አምሃሪክ» የምትለዋን ቃል ብቻ ያስታውሱ፣ ብዙ ቦታ 911 በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛል።

«ሳሪስ ላሉት ቤተሰቦቼ ከዚህ ቡስተር ልላክ?» አትላክ። ራውተር ላይ የሚሰካው የድርጅቱን ሲስተም ካላገኘና በጂፒኤስ ያለበትን አይቶ ካልተቀበለው አይነሳም፣ ባለ አንቴናው ደግሞ ለአሜሪካ ፍሪኩዌንሲ የተሰራ ነው፣ እዛ በብዛት 900፣ 1800 እና 2100 ሜጋኸርዝ ነው የሚሰራበት፣ በዛ ላይ የኢትዮጵያ ኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቃል። ይልቅ ስልካቸው 4ጂ ይይዝ እንደሆነ ጠይቃቸው፣ ካልያዘ ስልክ ላክላቸው።