ሰኞን አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ውሰጂው

«ኔፍሮቲክ ሲንድረም (ኩላሊት ፕሮቲን በሽንት የሚያፈስበት፣ ሰውነትም ውሃ ቋጥሮ የሚያብጥበት ሕመም) ያለበት የ5 ዓመት ልጄ ከትናንት ማታ ጀምሮ ሆዱን ያመዋል፣ ትንሽም ያተኩሰዋል። ፓራሲታሞል ሰጥቼ የሰኞ ቀጠሮውን ልጠብቅ?» ላልሽው፦ አትጠብቂ። አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

ሆዱ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ በባክቴሪያ ተበክሎ ሊሆን ይችላል። ፔሪቶናይተስ ይሉታል። እነዚህ ልጆች ኢንፌክሽን የሚከላከለውን ፕሮቲን ሳይቀር በሽንት ያጡታል፤ ስለዚህ ቶሎ ይጠቃሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ኒሞኮከስ ነው፣ ያው የሳንባ ምች የሚያመጣው። በደም ስር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ይፈልጋል፤ ቤት ውስጥ የሚታከም አይደለም።

1. የመድኃኒት ካርዱንና የሚወስዳቸውን ኪኒኖች ያዢ።
2. ገና በር ላይ «ኔፍሮቲክ ነው፣ ፕሬድኒሶሎን ይወስዳል፣ ሆዱን አሞታል» በያቸው።
3. ፕሬድኒሶሎኑን (ለኩላሊቱ የሚወስደውን የስቴሮይድ መድኃኒት) በራስሽ እንዳታቋርጪ። ድንገት ማቆም ራሱ አደጋ አለው።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትንም ሕመምንም ይደብቃል። የእኔዋ ልጅ ትኩሳቷ 37.6 ብቻ ነበር። መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ «አሜባ ነው» ብሎ ሽሮፕ ሰጥቶ መለሰን። (አሜባ የማይባል የሆድ ሕመም አለ እንዴ?) ማታ ላይ ጉልበቷን አጥፋ ተኛች፤ ነጠላ እንኳ ሆዷን ሲነካት ትጮህ ጀመር። ሌላ ሆስፒታል በመርፌ ከሆዷ ውሃ ሲቀዱ የሩዝ እጣቢ መስሎ ወጣ። 10 ቀን ተኛን።

ስለዚህ «ትኩሳቱ ትንሽ ነው» ብለው ሊመልሱሽ ቢሞክሩ፣ የሆዱ ውሃ እንዲመረመር ጠይቂ። የኒሞኮከስ ክትባት መጨረሱን ደግሞ ሲሻለው ካርዱ ላይ እዪ።