«ዛፍ» ጻፍ ስለው ዛፍ ይሥላል

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከቻይና ለልጄ የቻይንኛ ፊደል በሥዕልና በተረት የሚያስተምር መጽሐፍ ላከለት። ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። ተረቱን አንድ ሳያስቀር ይነግረኛል። መጽሐፉን ከድኜ «ዛፍ ጻፍ» ስለው ግን ዛፍ ይሥልልኛል። እኔ ቻይንኛ አንድ ቃል አላውቅም። ምን ይሻለኛል?
እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ አልሰነፈም። ሥዕሉን ነው የያዘው፤ ፊደሉ ሥዕሉ ውስጥ ተሸሽጎበታል።

እኔ ከመንገድ ሥራ ካምፕ አስተርጓሚነቴ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ ጎንደር የሰፈር ልጆች አስተምራለሁ። የምጀምረው ከሚያውቁት ከሀሁ ነው። «ሰው» የሚለው የቻይና ፊደል ቁርጥ «ለ» ነው። «ተራራ» ንጉሡን ሠ ይመስላል፤ መሐለኛው ጣት ብቻ ረዘም ይላል። «ዛፍ» ደግሞ «ተ» ጽፈሽ ከመገናኛው ላይ የ«ለ»ን ሁለት እግሮች ስትዘረጊለት ነው። ሁለት ዛፍ ጎን ለጎን ጫካ ነው፣ ሦስት ሲሆን ጥቅጥቅ ያለ ደን። ሰው ዛፍ አጠገብ ሲሆን «ማረፍ» ይባላል፤ እዚያ ላይ ሰውየው ቀጠን ብሎ ይቆማል። ለዚህኛው ልጆቹን ፋሲል መዋኛ ወስጄ ዛፍ ሥር አስቀመጥኳቸው። አንድም የረሳው የለም።

ሥዕሉን ግን ቶሎ አደብዝዢው። ዛሬ ባለ ቀለም ዛፍ፣ ነገ በእርሳስ ነካ ነካ የተደረገ፣ ከነገ ወዲያ መስመሮቹ ብቻ። በጠመኔ ይጻፍ፦ መጀመሪያ አግድሙ፣ ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ የግራ እግር፣ መጨረሻ የቀኝ። ይቺን ቅደም ተከተል ዋዛ አትበያት።

አንድ ጥፋቴንም ልናዘዝ። «እማማ» የሚለው ፊደል ሴትና ፈረስ ጎን ለጎን ናቸው። ለእህቴ ልጅ «እናት እንደ ፈረስ ሸክም ስለምትችል ነው» ብዬ ተረት ፈጠርኩላት። ኋላ ዓረፍተ ነገሩን ጥያቄ የሚያደርገውን «ማ» አየች። አፍና ፈረስ ነው። «አጎቴ፣ ይሄኛው ፈረስ ያወራል?» አለችኝ። አፈርኩ። ፈረስ በቻይንኛ «ማ» ነው፤ ዜማው ቢለያይም እዚያ የገባው ለድምፁ ብቻ ነው። አብዛኞቹ ፊደላት እንዲህ ናቸው፦ አንዱ ጎን ትርጉም ይጠቁማል፣ ሌላው ድምፅ። መጽሐፉ ለሁሉም ተረት ካለው ጠርጥሪው። ልጆቼ አሁን ድምፅ ሰጪውን በቀይ ያከቡታል።

የእህቴ ልጅ ግን አሁንም ለፈረሱ ጆሮ ትሥልለታለች።