ሰባት ደቂቃ ስንት ነጥብ ይችላል?

ከእናንተ አንዱ በቅርቡ «ለ7 ደቂቃ ገላጭ ንግግር ቢጋሬ (የንግግሬ ንድፍ) ስንት ዋና ነጥብ ይኑረው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁለት፤ ቢበዛ ሦስት። መልሱ ይኸው ነው። ጥያቄው ግን ከብዙ ዓመታት በፊት አይቼ «ጥሩ ነው» ብዬ የመለስኩትን አንድ ቢጋር ቀሰቀሰብኝ። ዛሬም ይቆጨኛል።

ርእሱ ንብ ነበር። ወረቀቱ የተስተካከለ፣ አምስት ዋና ክፍል ያለው፣ በየክፍሉ ሥር ሀ፣ ለ፣ ሐ የተደረደረበት ነው። «የንብ ታሪክ»፣ «የንብ ዓይነቶች»፣ «የቀፎ ሕይወት»፣ «ማር»፣ «የንብ ቋንቋ»። ለእያንዳንዱ 75 ሰከንድ፣ ለመግቢያና ለመደምደሚያ የቀረው 45 ሰከንድ። ሲደመር ልክ 7 ደቂቃ ይመጣል። ያዘጋጀችው ልጅ መድረክ ላይ ስትወጣ ግን ታሪኩ ብቻ 3 ደቂቃ በላ። ንግሥቲቱን፣ ሠራተኛዋንና ድንጉላውን (ወንዱን ንብ) ለይታ እስክትጨርስ ሌላ 2 ደቂቃ ሄደ። ማሩ ጋ ስትደርስ ሰዓቷ አለቀ። አዳራሹን ሁሉ ሊያስደምም የሚችለው አምስተኛው ክፍል ሳይነገር ቀረ።

ያ ክፍል የያዘው ሳይንቲስቱ ካርል ፎን ፍሪሽ ያጠናውን የንብ ጭፈራ ነበር፤ በ1973 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋራበትን ሥራ። ምግብ ያገኘች ንብ ጨለማ ቀፎ ውስጥ፣ ቀጥ ብሎ በተንጠለጠለው የማር እንጀራ ላይ ሰውነቷን እየወዘወዘች በመስመር ትሄዳለች። መስመሩ ሽቅብ ከሆነ ምግቡ በፀሐይ አቅጣጫ ነው፤ ወደ ቀኝ 40 ዲግሪ ካዘነበለ ከፀሐይ በስተቀኝ 40 ዲግሪ ነው። ውዝዋዜው በረዘመ ቁጥር ምግቡ ይርቃል፤ በግርድፉ 1 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ። እንዲህ ያለ ነገር በእጇ ይዛ ሰዓቷን ስለ ድንጉላ ስታወራ ጨረሰች።

ጥፋቱ ከሰዓት አጠቃቀም የመጣ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ቢጋሩ ውስጥ ነው። አምስቱ ርእስ ናቸው እንጂ ሐሳብ አይደሉም። «የንብ ታሪክ» የሚለው ሐረግ ምን እንደሚባል ስለማይናገር የት ማቆም እንዳለባችሁም አይነግራችሁም። በምትኩ መጀመሪያ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ «ምግብ ያገኘች ንብ አቅጣጫውንና ርቀቱን በጭፈራ ለሌሎቹ ትነግራለች።» ይህ ማዕከላዊ ሐሳቡ ነው። ከሥሩ ሁለት ዋና ነጥብ ይበቃል፦ አቅጣጫውን የምትነግረው በመስመሩ ማዘንበል ነው፤ ርቀቱን የምትነግረው በውዝዋዜው ርዝመት ነው። ከዚያ በኋላ መቁረጡ ራሱ ቀላል ይሆናል። ድንጉላ ምግብ ፍለጋ አይወጣም፤ ስለዚህ ይውጣ። ታሪኩ በመግቢያው ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። ማሩ ለሌላ ቀን ይቆይ።

ማዕከላዊ ሐሳቡ ውስጥ «አለብን» የሚል ቃል ከገባ ንግግሩ ከማስረዳት ወደ ማሳመን ዞሯል ማለት ነው፤ ያ ሌላ ቢጋር ይፈልጋል።

ዛሬ ብዙዎቻችሁ ስላይዱን ትጀምሩና ቢጋሩን ከስላይዱ ትቀዳላችሁ፤ ወይም ስልካችሁን ጠይቃችሁ አምስት ርእስ ተደርድሮ ይሰጣችኋል። ፈጣኖች ናችሁ፣ ይህን አልክድም። ግን የተደረደረላችሁ ያው የንቧ ልጅ ወረቀት ነው፤ ምኑ እንደሚጣል የሚያውቅ ሰው አላየውም።

ስለ ደቂቃው ደግሞ፦ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት በደቂቃ ከ120 እስከ 150 ቃል ይላሉ። ይህን ቁጥር ለአማርኛ አትዋሱ። «አልነገርኳቸውም» አንድ ቃል ነው፤ አድራጊውን፣ ተደራጊዎቹንና አሉታውን ግን አብሮ ተሸክሟል። ከራሳችሁ ጽሑፍ አንድ ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡና ሰዓት ያዙ፤ የእናንተ ልኬት እሱ ነው። ደግሞም የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ረጅም ዋና ነጥብ አድማጩን አንጠልጥሎ ያቆየዋል። ከአሥር ቃል ካለፈ ለሁለት ክፈሉት።

ከ7ቱ ደቂቃ ለሐተታው (ዋና ነጥቦቹ ለሚብራሩበት ክፍል) 5 ደቂቃ ተኩል ያህል ስጡ፤ የቀረውን መግቢያና መደምደሚያ ይካፈሉት። መግቢያውን መጨረሻ ላይ ጻፉት፤ ምን እንደምታስተዋውቁ የምታውቁት ያኔ ነው። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ማሸጋገሪያውን በሙሉ ጻፉ፦ «ወዴት እንደምትሄድ አወቅን፤ ምን ያህል እንደምትሄድስ?» ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ቢጋሩ ላይ ባዶ መስመር ብቻ ነበር። መረጃውን ያገኛችሁበትንም ከሚነገርበት ነጥብ ጎን አስፍሩት፤ ገጹ መጨረሻ ላይ ከተከማቸ ስትናገሩ ትረሱታላችሁ።

ንግግሩን ቃል በቃል አትጻፉት፤ ታነቡታላችሁ። የመጀመሪያዋንና የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን ቃል በቃል ጻፉ። ይህ ከላይኛው ጋር እንደሚጋጭ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሰው ሲደነግጥ አፉ የሚታሰረው እነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ነው። ሙሉው ቢጋር ለዝግጅት ነው፤ መድረክ ላይ የሚወጣው ቁልፍ ቃላትና ቁጥሮች ብቻ ያሉበት ሁለት ወይም ሦስት ካርድ ነው።

ካርዱ ላይ ከንዑስ ነጥቦቹ አንዱን አስቀድማችሁ በቅንፍ ክበቡት፤ የንቧ ቢሆን የ40 ዲግሪው ምሳሌ ይሆን ነበር። አራተኛው ደቂቃ ላይ ገና አንደኛው ዋና ነጥብ ላይ ከሆናችሁ፣ ቅንፉን ዘላችሁ ወደ ማሸጋገሪያው ሂዱ።