ከሰበታ ለጠየቅሽው፦ ስካነሩ ይቆይ፣ ቁጥሩ ይቅደም

እህቴ፣ የደብራችሁን ሙዚየም ብራናና መስቀል ሰው በስልኩ እንዲያየው ልታደርጉ ነው፤ የትኛውን ስካነር እንግዛ ብለሻል። ምንም አትግዙ። እኛም ሱሉልታ አካባቢ ይህንኑ ስለሠራን የደረሰብንን ልንገርሽ።

1. ጠፍጣፋ ስካነር ለብራና አይሆንም። መጽሐፉ ተዘርግቶ ሲጫኑት ጥራዙ ይጎዳል። ደህና ካሜራ ያለው ስልክ፣ ማቆሚያና የመስኮት ብርሃን ይበቃል። የካሜራውን ፍላሽ አጥፉት። መስቀሉ ካብለጨለጨ መስኮቱን በነጭ ነጠላ ጋርዱት፣ ብርሃኑ ይለዝባል። ለሕዝብ የማይታየውን ንዋየ ቅድሳት ደግሞ ካህናቱ አስቀድመው ይለዩላችሁ።

2. ከፎቶ በፊት ለእያንዳንዱ ዕቃ የመዝገብ ቁጥር ስጡ። ጉድ የሆንነው እዚህ ላይ ነው። ኮሚቴው "ባለሙያ ያንሳው" ብሎ አንድ ስቱዲዮ ቀጠረ። ቁጥሩ ይቅደም ብዬ ጮኼ ነበር፤ ማን ሰምቶኝ! ልጆቹ ዕቃውን ከቁም ሳጥን እያወጡ ቀጭ ቀጭ አደረጉና በፍላሽ ዲስክ አስረክበው ሄዱ። ስንከፍተው የፋይሉ ስም ካሜራው የሰጠው ተራ ቁጥር ነው። የእጅ መስቀል እንደሆነ ይመሳሰላል፤ የቱን ማን እንደሰጠው በምን ይለይ? ዋናውን ፋይል ስጡን ስንል "አጥፍተነዋል፣ ከፈለጋችሁ እንደገና ክፈሉ" አሉን። የምዕመናን መዋጮ እኮ ነው!

በመጨረሻ ዕቃ ቤቱን የሚያውቁትን አባት ይዤ እኔው በስልኬ እንደ አዲስ አነሳሁት። ከእያንዳንዱ ዕቃ ጎን ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀትና ማስመሪያ አለች። አባ አንዱን መስቀል አገላብጠው፣ እጀታው ላይ ያለውን የብየዳ ጠባሳ በጣታቸው እየዳበሱ ማን እንዳስጠገነው ነገሩኝ። ድምፃቸውን ቀዳሁት። ዛሬ ጎብኚው ኪውአር ኮዱን ስካን ሲያደርግ መጀመሪያ የሚሰማው እሱን ነው። የስቱዲዮው ፎቶ ይህን ይነግረው ነበር?

ቁጥር ቀላል ነገር አይምሰልሽ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ፣ በምህጻሩ ኢኤምኤምኤል፣ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ቀድቷል። ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት አለ። ተመራማሪዎች ዛሬም ብራናውን የሚጠሩት ያኔ በተሰጠው ቁጥር ነው።

3. ኔትወርኩን ታውቂዋለሽ። ትልቁን ፋይል በሁለት ሃርድ ዲስክ ለየብቻ አስቀምጡ፣ ለጎብኚ አነስ ያለውን ጫኑ። መግለጫው በአማርኛም በኦሮምኛም ይሁን።

4. ቢሮ። ለድጋፍ ደብዳቤ አንዱ ቢሮ ሄጄ፣ ሰውየው ከስልኩ ቀና ሳይል "ለፎቶ ደግሞ ምን ደብዳቤ ያስፈልጋል" አለኝ። ጓደኛው "ያለ ደብዳቤማ አይቻልም" ይላል! ስለዚህ ያስገባችሁትን ማመልከቻ ቅጂ ቀን ያለበት ማኅተም አስመቱበት፣ በኋላ "አልደረሰንም" ይሏችኋል።

የእናንተም ኮሚቴ ስቱዲዮ ይቀጠር ካለ፣ ውሉ ላይ ዋናው ፋይል የደብሩ መሆኑን አስጽፉ። ቀሪውን ክፍያም እያንዳንዱ ፋይል በመዝገብ ቁጥሩ ተከፍቶ ሳታዩ አትልቀቁ።